በሬ ይቆማል፣ ትራክተር አይቆምም

በወልድያ ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርት

  የዛሬው ጉዳያችን ዛፍና ቁጥቋጦ የወረሰው መሬት በትንሽ ትራክተር ሲመነጠር ሰው እንዴት በደኅና ውሎ በደኅና እንደሚገባ ነው።

ማሽላው ታጭዶ፣ ጤፉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ እስኪጥል ባለው ጊዜ፣ የሐብሩ ወረዳ ገበሬ ዓይኑ ወደ ዳር መሬቱ ይሄዳል። እዚያ ቀንጠፋና አጋም የተያያዙበት፣ ክትክታ የወረሰው፣ ግራር ጣል ጣል ያለበት ጥግ አለ። ውኃ የሚደርሰው ከሆነ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲም፣ ለማንጎ ይፈለጋል። ሌላው ደግሞ ባሕር ዛፉን ለአጣና ሸጦ፣ ጉቶ የቀረበትን መሬት ወደ ማሳ መመለስ ያምረዋል። ይህ ሥራ ድሮ የምሳርና የዶማ፣ የደቦና የወንፈል ነበር። አሁን ትራክተር ገብቶበታል። በተለይ መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ከፈቀደ ወዲህ ትራክተር የሚያከራይ ሰው ማግኘት እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም።

እኔ ትራክተሩ መምጣቱን ከሚደግፉት ነኝ። ዕድሜ ልኩን ጉቶ ሲነቅል ወገቡ የጎበጠ ሰው ትራክተር ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትራክተሩ አዲስ ሲሆን ልማዳችን የበሬ ነው። ሰንሰለቱን የምናስርበት ቦታ፣ ሰው የምናቆምበት ርቀት፣ ልጅ የምናስጠጋበት፣ የምንለብሰው ልብስ፣ ሁሉም ከበሬ ጋር የተማርነው ነው።

በጥንድ በሬ የሚያርስ ሰው አስቡ። ማረሻው ከመሬት ውስጥ ሥር ቢይዘው ገበሬው ሳይናገር በሬዎቹ ይቆማሉ፤ ቀንበሩ አንገታቸው ላይ ሲከብድ ያውቁታል። ገበሬው እርፉን አንሥቶ ማረሻውን ያላቅቅና ይቀጥላል። ቢከፋ ቢከፋ ሞፈር ይሰበራል። ትራክተር ግን የሚያመው አንገት የለውም። ሰንሰለቱ ጉቶ ላይ ታስሮ፣ ጉቶው እንቢ ብሎ፣ ሾፌሩ ነዳጅ ሲጨምር የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ነክሰው ይይዛሉ፤ መዞር ግን ያቅታቸዋል። ሞተሩ ያን ጊዜ የሚያዞረው ሌላ ነገር ያገኛል፤ እሱም ትራክተሩ ራሱ ነው። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሣሉ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ከዚያ ትራክተሩ በጀርባው ሾፌሩ ላይ ይወድቃል። የፊት ጎማው ከተነሣበት እስኪገለበጥ ድረስ ያለው ጊዜ አንድ ሰከንድ ተኩል አይሞላም። ሾፌሩ «ምን ሆነ?» ብሎ እስኪያስብ ትራክተሩ መመለስ ከማይችልበት ነጥብ አልፏል። «ዘልዬ እወርዳለሁ» የሚል ወጣት ካለ፣ ከዚያ ፍጥነት ቀድሞ የሚዘል ሰው የለም።

ይህ አደጋ ትራክተር ከተሠራበት ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1917 እ.ኤ.አ.፣ ፎርድሰን የሚባለው ርካሽ ትራክተር ሲወጣ ማረሻው ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዝ ትራክተሩ ወደ ኋላ እየተገለበጠ ብዙ ሰው ገደለ። በዚያው ዘመን ሃሪ ፈርጉሰን የሚባል የሰሜን አየርላንድ ሰው ይህን አጥብቆ ያስብበት ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት አሠራር ማረሻውን በሦስት ክንዶች ከትራክተሩ ጋር ያያይዛል፤ መሬቱ ማረሻውን ሲይዘው ጉልበቱ የትራክተሩን አፍንጫ ወደ ታች እንዲጫነው ተደርጎ የተሠራ ነው። ዛሬ በአገራችን እርሻ ላይ የምናያቸው ትራክተሮች ከኋላቸው ያሏቸው ሦስት ክንዶች ከዚያ የመጡ ናቸው፤ ማሲ ፈርጉሰን የሚለው የትራክተር ስምም የእርሱን ስም ይዟል። ልብ አድርጉልኝ፤ ያ ጥበቃ የሚሠራው ማረሻ በሦስቱ ክንዶች ሲታሰር ነው። ጉቶ ለመንቀል ሰንሰለት አምጥተን ባገኘንበት ብናስር የፈርጉሰን ጥበቃ የለም፤ ከ1917 ፎርድሰን ላይ ተቀምጠናል ማለት ነው።

እንግዲህ ሰንሰለቱ የት ይታሰር? ከኋላ፣ ዝቅ ብሎ፣ ለመጎተቻ ተብሎ ከተሠራው ብረት ላይ ብቻ። ያ ብረት ከኋላ ጎማው መሐል በታች ነው፤ እዚያ ሲታሰር ጉልበቱ አፍንጫውን ለማንሣት አቅም ያንሰዋል። ሰንሰለቱ በአክስሉ ላይ ከተጠመጠመ፣ ወይም ከላይኛው ክንድ፣ ከመቀመጫው ሥር ካለው ብረት ከታሰረ ግን ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። ረዳቱ ሰንሰለቱን ይዞ ሲመጣ ጎንበስ ማለት ስለሚከብደው ከፍ ያለውን ቦታ ይመርጣል። የሾፌሩ ሕይወት የሚያርፈው በዚያች ጎንበስ በማለትና ባለማለት ላይ ነው። ሾፌሩ ራሱ ወርዶ በእጁ ካልነካው አይነሣ።

ከመጎተቱ በፊት የሰው ጉልበት ሥራውን ይጨርስ። በጉቶው ዙሪያ እስከ ጉልበት ድረስ ይቆፈር፣ የጎን ሥሮቹ ይገለጡ፣ አፈሩ ከሥሩ ላይ በእጅ ተራግፎ በምሳር ይቆረጡ፤ አፈር የነካ ምሳር ወዲያው ይዶለዱማልና። ከዚያ ትራክተሩ በዝቅተኛው ማርሽ ቀስ ብሎ የሰንሰለቱን ልልነት ይሰብስብ፤ ሰንሰለቱ ሲወጠር ፍሪሲዮኑ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ። ጉቶው ካልተነቃነቀ ይቁም። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይውረድና የቀረው ሥር ይፈለግ። ትራክተሩን ወደ ኋላ መልሶ ተንደርድሮ መምታት በሁለት መንገድ ይገድላል፤ ወይ ትራክተሩ ይገለበጣል፣ ወይ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

የተበጠሰ ሰንሰለት ወይም ካቮ የምንለው የብረት ገመድ የያዘውን ጉልበት ሁሉ ይዞ ይወነጨፋል። ናይለን ገመድ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ እንደ ላስቲክ ስለሚለጠጥ ብዙ ጉልበት አጠራቅሞ ነው የሚበጠሰው፤ ጫፉ ላይ መንጠቆ ካለበት መንጠቆው እንደ ጥይት ይሄዳል። ናይለን ለጉቶ አይሁን። ሰንሰለቱም ቢሆን ከመታሰሩ በፊት ቀለበት በቀለበት ይታይ፤ የተሰነጠቀ ወይም በሽቦ የተጠገነ ቀለበት ካለበት ይጣል። ከተወጠረ በኋላ ደግሞ ማንም ሰው ከሰንሰለቱ ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል ርቆ ይቁም፤ በጎንም በኋላም። ሰንሰለቱ አሥር ሜትር ከሆነ ሰው አሥራ አምስት ሜትር ይራቅ። የተወጠረ ሰንሰለት ተራምዶ መሻገር ፈጽሞ የለም።

እዚህ ላይ ስለ ደቦ አንድ ነገር ልበል። ደቦ የእኛ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሰው ለሰው የሚደርስበት ነው። ነገር ግን ደቦ ሲጠራ ሁሉም ሥራ መያዝ ይፈልጋል። አንዱ ጉቶውን በዘንግ ያነቃንቃል፣ ሌላው ሰንሰለቱ ላይ ይቆማል፣ ሦስተኛው «ጨምር! ጨምር!» እያለ ይጮኻል፣ ልጆች ከላም ጥበቃ መጥተው ይከባሉ። ሾፌሩ የማንን ቃል ይስማ? በትራክተር ሥራ ምልክት የሚሰጥ አንድ ሰው ይሁን፤ ሾፌሩ ሊያየው ከሚችልበት ይቁም፣ በእጁ ያመልክት፣ ሌላው ዝም ይበል። «ቁም» የሚለውን ምልክት ግን ማንም፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ቢሰጥ ሾፌሩ ይቁም። ሌላው ሁሉ የሚይዘው ሥራ አይጠፋም፤ የተቆረጠውን እሾህ መጎተት፣ ድንጋይ መልቀም፣ ሥር መቆፈር ሞልቷል፤ ትራክተሩ በቆመበት ጊዜ ይሠሩት።

በፓራፋንጎ ላይ ሰው መጫንም የዚሁ ልማድ ነው። ትራክተር የአንድ ሰው መቀመጫ ብቻ ነው ያለው። ጎማው ጉቶ ላይ ሲወጣ ፓራፋንጎ ላይ የተቀመጠው ሰው ወደ ፊት ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ከሚዞረው የኋላ ጎማ ሥር ነው። አጎት ልጁን፣ ባለ መሬቱ ሽማግሌውን «ትንሽ ልሸኝዎት» ብሎ ሲያወጣ ክብር እየሰጠ መስሎት ነው። አባቶቼ፣ እንቢ በሉ፤ በእግር መሄድ ክብር አይቀንስም።

አሁን ወደ መሬቱ ራሱ ልምጣ። ሐብሩ ሜዳ ብቻ አይደለም። ከመርሳ ወደ ምዕራብ ቀና ስንል ተራራ ነው፤ ከሜዳውና ከተራራው መካከል ያለው ተዳፋት ነው ቁጥቋጦ የሚበዛበት። ወሎ ውስጥ ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ በምግብ ለሥራ የተሠሩ ብዙ እርከኖች አሉ። ብዙዎቹ ዛሬ ሣርና ቁጥቋጦ ለብሰው አይታዩም። ጎማው የእርከኑ ካብ ላይ ሲደርስ ድንጋዩ ይናዳል፣ ትራክተሩ በጎኑ ይሄዳል። ቦረቦሩም እንዲሁ ነው፤ ዳሩ ላይ ያለው አፈር ከሥሩ በውኃ ተበልቶ ባዶ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ትራክተሩ ከመግባቱ በፊት ሰው ዱላ ይዞ መሬቱን በእግሩ ይዙረው፤ እርከኑን፣ ጉድጓዱን፣ የተደበቀውን ድንጋይ፣ የንቡን ጎጆ ሁሉ ይየው፤ ባገኘበት ሁሉ ጨርቅ እየሰቀለ ይሂድ። ንብ የሞተር ድምፅና ንዝረት ያስቆጣዋል፤ ትራክተር ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከንብ ሲሸሽ የሚያደርገውን አያውቅም።

ተዳፋት ላይ ሽቅብና ቁልቁል እንጂ አግድም መሄድ አይገባም፤ መዞር የግድ ከሆነም በሰፊው፣ በቀስታ ይሁን። ለመሆኑ ምን ያህል ተዳፋት ነው የበዛው? በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ቁልቁለቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለውም እርከን ካልተሠራለት ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት አዝዞ ነበር። ይህ የተባለው ለአፈሩ ነው። ትራክተር ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይገለበጣል፤ በመቶ ሜትር ሠላሳ ሜትር የሚያሽቆለቁል መሬት ላይ አንድ ጎማ ጉቶ ላይ ቢወጣ፣ ሌላው ጉድጓድ ቢገባ፣ ይበቃዋል። እንዲያውም በተዳፋቱ ላይ ያለውን ጉቶ መንቀል ለምን አስፈለገ? ጉቶው አፈሩን ይዟል። የባሕር ዛፍ ጉቶ ከሆነም የሚያቆጠቁጠውን ቅርንጫፍ በየጊዜው እየመለመሉ ማድከም ይቻላል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሰው አይገድልም። ሳይነቀል ቢቀር የሚሻለው ጉቶ ብዙ ነው፤ በዚህ አቋሜ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬአለሁ፣ አልለውጠውም።

ትራክተር ቢገለበጥ ሾፌሩን የሚያድነው ከመቀመጫው ጀርባ የሚቆም ጠንካራ የብረት ቅስት ነው። ስዊድን ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ትራክተር ሁሉ ይህ ቅስት እንዲኖረው በሕግ አስገደደች፤ ከዚያ በኋላ በዚያ አገር በትራክተር መገልበጥ የሚሞተው ሰው ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ቅስት ያለው ትራክተር ላይ የመቀመጫ ቀበቶ ይታሰር፤ ያለ ቀበቶ ሾፌሩ ከቅስቱ ውጭ ይወረወርና ቅስቱ ራሱ ይጫነዋል። ቅስት የሌለው ላይ ግን ቀበቶ ማሰር ከብረቱ ጋር መታሰር ነው። ዛፍ ሥር ሲገቡ ያስቸግራል ብለው ቅስቱን የሚያጥፉ ወይም የሚፈቱ አሉ። ለፀሐይ ተብሎ በቀጭን ቱቦ የተበየደ ጥላም ቅስት አይደለም። ትራክተር ስትከራዩ መጀመሪያ የምታዩት የሰዓቱን ዋጋ ሳይሆን ይህን ይሁን፤ የሾፌሩንም መንጃ ፈቃድ ጠይቁ። የሚያከራዩት ወንድሞቼም ይስሙኝ፤ ቅስቱ ታጥፎ የመጣ ትራክተር ቢመለስ አያስከፋችሁ።

ስለ ልብስ ልናገር። እኛ ወሎዎች ሽርጥ እናገለድማለን፣ ጋቢ እንደርባለን፣ ፎጣ አንገታችን ላይ ጣል እናደርጋለን። ለበሬ ሥራ ይመቻል። ከትራክተሩ ጀርባ የሚወጣው ማሽን የሚያዞር ዘንግ፣ ሾፌሮች ፒቲኦ የሚሉት፣ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ይዞራል። የሽርጥ ጫፍ ቢነካው በአንዲት ሰከንድ ሁለት ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል፤ ጨርቁ ደግሞ ሰውነት ላይ የታሰረ ነው። ዘንጉን የሚሸፍነው የፕላስቲክ ክዳን ተሰብሮ ከሆነ ቁጥቋጦ መቁረጫውም ሆነ ቁፋሮው ሥራ አይጀምር። በዚያ ቀን ሱሪና ጠበብ ያለ ሸሚዝ ይለበስ፤ ሽርጡ፣ ጋቢውና ፎጣው ቤት ይቀመጡ። ከዘንጉ አጠገብ እጅ የሚገባው ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ኪስ ከገባ በኋላ ነው።

ዛፉን በትራክተሩ አፍንጫ መግፋት የሚያምራቸውም አሉ። ትንሽ ትራክተር ግንድ ሲገፋ ላዩ ላይ ያለው ደረቅ ቅርንጫፍ ተነቃንቆ የሚወድቀው ሾፌሩ አናት ላይ ነው። ዛፍ በመጋዝ ይውደቅ፤ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ ርቀት ውስጥ ከቆራጩ በቀር ማንም አይኑር። ተቆርጦ ሌላ ዛፍ ላይ የተደገፈ ግንድ ካለ ከሥሩ አይታለፍ፤ በረጅም ሰንሰለት ከሩቅ ይሳብ።

የአጥሩ ዛፍ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋልና ቅንጭብ በገጀራ ሲመቱ፣ ወይም ጎማው ሲጨፈልቃቸው ወተታቸው ይረጫል። ዓይን ከገባ ከባድ ሕመም ያመጣል፤ ካልታከመ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። መነጽር ይደረግ። የገባበት ሰው ዓይኑን በእጁ አይሽ፤ ንጹሕ ውኃ እያፈሰሱ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያጥቡት፤ ከዚያ ሕመሙ ቢቀንስም ወደ ሐኪም ይሂድ። ስለዚህ ቁልቋል ወዳለበት ማሳ ከናፍጣው ጄሪካን ጋር የውኃ ጄሪካንም ይሂድ።

ባለ ሁለት ጎማውን፣ በእጅ የሚገፋ የሚመስለውን ትራክተር ለዚህ ሥራ ያሰበ ካለ አጭር ቃል ልንገረው። ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ይህ መሣሪያ ለለማ ማሳ ጥሩ ነው፤ ጉቶ ለመንቀል አልተሠራም። ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ ሰውዬው በእጀታውና ከጀርባው ባለው ዛፍ መካከል ይጣበቃል፤ ቢላዎቹ ደግሞ ወደ እግሩ እየመጡ ነው። ዛፍ ባለበት ቦታ ወደ ኋላ አይነዳ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱን በብዙ አገር መጽሐፍ ውስጥ በዋናነት አታገኙትም፣ ለእኛ ግን ከሁሉ ይቀድማል። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ነበሩ። በ2014 ማብቂያ ላይ ጦርነቱ በቆቦ በኩል እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ከዚያም ወዲህ አካባቢያችን ከተኩስ አልራቀም። ወታደር የሚሸሸገው ገላጣ ማሳ ላይ አይደለም፤ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ቦረቦር ውስጥ፣ ዛፍ ያለበት ተዳፋት ላይ ነው። እኛ አሁን ለመመንጠር የምንሄደውም እዚያው ነው። ያልፈነዳ ጥይት፣ የእጅ ቦምብ፣ የሞርታር ቅንቡላ አፈርና ቅጠል ለብሶ ዓመታት ይቆያል፤ በማርጀቱ አይሞትም። በእግር ያለ ሰው አይቶ ሊያልፈው ይችል ይሆናል፤ ትራክተር ግን አያይም፣ ክብደቱም ከሰው አይወዳደርም፤ ማረሻው ደግሞ የተቀበረውን ይገለብጣል።

ስለዚህ መሬቱን በእግር ከመዞር በፊት ጎረቤት ይጠየቅ፤ እዚህ ጥግ ምሽግ ነበር ወይ? ተኩስ ተተኩሶበታል ወይ? ከብት የሚጠብቁ ልጆች ብረት አይተዋል ወይ? እረኞች ከማናችንም በላይ ያውቃሉ፤ ሳንቆጣ እንጠይቃቸው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ማንም በእግሩም አይግባ፤ ለቀበሌውና ለፖሊስ ይነገር፣ ባለሙያ አይቶ እስኪያጸዳው ይቆይ። ቁጥቋጦውን አስቀድሞ በእሳት ማቃጠል መፍትሔ አይደለም፤ እሳቱ ራሱ ያፈነዳዋል። ብረቱን ለቆራሌው ለመሸጥ ማንሣትም የልጅ እጅ የሚያስቆርጥ ሥራ ነው።

ሥራ ከተጀመረ በኋላ የማይታወቅ ብረት ብቅ ካለ ሾፌሩ ሞተሩን ያጥፋ፣ ይውረድ፣ ትራክተሩን እዚያው ትቶ በመጣበት የጎማ ፋና ላይ ብቻ እየረገጠ ይውጣ። ሌላው ሰው ወደ እርሱ አይሩጥ። ሩቅ ሆኖ መንገዱን በድንጋይ ወይም በቀይ ጨርቅ ምልክት ማድረግና ሰው ማሳወቅ ነው። ኪራዩ በሰዓት እየቆጠረ መሆኑን አውቃለሁ፤ ባለ መሬቱም ሾፌሩም ሰዓቱ ያሳስባቸዋል። ስለዚህ ነገሩን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ ሥራው እንደሚቆም፣ የዋለበት ሰዓት ኪራይ እንደሚከፈል፣ ትራክተሩም ባለሙያ እስኪመጣ ካለበት እንደማይነቃነቅ ከማለዳው ቃል ተቀባበሉ።